ጩኸት ነው የተባለው አልበም

ድሬዳዋ፣ ግንቦት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

«አቦ፣ ጩኸት ነው።» የሳቢያን ሰፈሩ ልጅ፣ ሮክ ዘፋኙ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣ ሦስት ሳምንት ሞላው። ከዚራ ጥላ ሥር ቡና ላይም ሆነ መጋላ በርጫ ላይ ፍርዱ ያው ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው፤ ሪትም ጊታሩንም የተጫወተው እሱው ነው። ዘጠኝ ዘፈን፣ ሁለቱ ለስለስ ያሉ፣ የቀሩት ድፍን ሮክ።

ቃሏን ሳብላላት ግን ስለ ድምፅ መጠን የምታወራ አትመስለኝም። ይቺን የሚሉት ሰዎች ሠርግ ላይ ስፒከር ሥር ቆመው እኩለ ሌሊት ድረስ ይጨፍራሉ፤ ወንበር በሚያንቀጠቅጥ ባጃጅ ተሳፍረው ገንደ ቆሬ ይደርሳሉ። ያን ማንም ጩኸት አላለውም። እኛ ዘፈን የምንሰማው ስንኙን ልንይዝ ነው። ስንኙ ካመለጠ የቀረው ሁሉ፣ ቢጎላም ቢቀንስም፣ ጩኸት ነው። እና ሰዉ ሮክን ጠልቶ ሳይሆን ልጁ ምን እንዳለ ስላልሰማ ነው። ይሄ ደግሞ በጣዕም የሚያከራክር ነገር አይደለም፤ ቅንብርና ሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን) ላይ በእጅ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ዘፈን ምሳሌ ይሁነኝ። አዝማቹ «ደጄ ላይ ሰው አለ፣ ስሜን የሚያውቅ አለ» ይላል። «አለ» ሲላላ መናገር ነው፣ ሲጠብቅ መኖር። ፊደላችን ልዩነቱን አይጽፈውም፤ አፍ ነው የሚሸከመው። «ለ» እንዲጠብቅ ምላስ ላንቃ ላይ ትንሽ መቆየት አለበት። ዘፈኑ ግን በደቂቃ 140 ምት ይሮጣል፤ ግማሽ ምት 214 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ልጁ ለ«አ» ግማሽ፣ ለ«ለ» ግማሽ ምት ሰጥቶ፣ ልክ «ለ» መጥበቅ ያለባት ቦታ ላይ ጊታሩንም ቤዙንም የእግር ከበሮውንም አንድ ላይ ጣለባት። ደጅ የቆመው ሰው ጠፋ። የቀረው አንድ ሰውዬ የሆነ ነገር መናገሩ ነው። የዘፈኑ ፍርሃት በሙሉ ያረፈው እዚያች ፊደል ላይ ነበር።

ሁለት መውጫ አለው። አንዱ «አል» ለሚለው ሙሉ ምት ሰጥቶ «ለ»ን ወደ ቀጣዩ መግፋት ነው፤ ዜማው ግን ትንሽ ይጎተታል። ሌላው ጊታሪስቱ በዚያች ግማሽ ምት ክሩን በመዳፉ አፍኖ ዝም እንዲል ማድረግ። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ኮርዱ ከዝምታው ቀጥሎ ሲገባ እንዲያውም ይከብዳል። ከሁሉ በፊት ግን ግጥሙን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ የድሮ የሰዋስው መጻሕፍት እንደሚያደርጉት የሚጠብቁት ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ ማኖር ነው። ለዘጠኝ ዘፈን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ነጥብ ያለበት ፊደል ከትልቅ ምት ጋር ሲጋጭ ካያችሁ፣ ስቱዲዮ ሳትገቡ ችግሩን አገኛችሁት ማለት ነው።

ቀጥሎ ሚክሱ። ቃልን ከቃል የሚለየው ተነባቢው ነው፤ የተነባቢ ጥራት ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ባለው አካባቢ ነው። ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ ማሻከር) የበዛበት ጊታርም የሚነክሰው እዚያው ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የዘፋኙን ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው። ያኔ ጊታሩ የደከመ ይመስላል፣ ጊታሩ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ድራሙ ይጠፋል፣ እሱም ከፍ ይላል። እንዲህ ሲባረሩ ይነጋና ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። መነሻው በእግር የሚረገጠው የጊታሩ ፔዳል ላይ ነው። የዲስቶርሽኑን ጌይን (የማሻከሩን መጠን)፣ ጊታሩ ብቻውን ሲሰማ «ትንሽ አነሰ» እስኪያሰኝ ድረስ ዝቅ ማድረግ፤ ሁለት ሦስት ትራክ ሲደራረብ ሻካራነቱም አብሮ ይደመራልና። ከዚያ ድምፃዊው በሚዘፍንባቸው ቦታዎች ብቻ ጊታሩን 3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ 2 ወይም 3 ዲሲቤል መቀነስ። ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን የጊታር ድምፅ ደግሞ ጭራሽ መቁረጥ፤ ያ ቦታ የቤዝና የእግር ከበሮው ነው።

ፈንጂ ፊደሎቻችንም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ ሲወጡ ድንገት ይፈነዳሉ፤ የድምፁን መጠን የሚያሳየው ሜትር ላይ እንደ መርፌ ቀጥ ብለው ይታያሉ። ኮምፕረሰሩ (የጎላውን ድምፅ በራሱ የሚቀንሰው) በ1 ሚሊ ሰከንድ እንዲነቃ ከተደረገ «ቀ»ን ይይዝና አብሮ የሚቀጥለውን አናባቢ ይጫነዋል፤ ቃሉ ግማሽ በግማሽ የተዋጠ ይሆናል። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ዘግይቶ እንዲይዝ፣ ከ3 እስከ 6 ዲሲቤል ብቻ እንዲቀንስ ማድረግ ይሻላል። ከዚያ ያፈነገጡትን ፍንዳታዎች በእጅ አንድ በአንድ ዝቅ ማድረግ ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። በአንድ ዘፈን ሠላሳ አርባ ቦታ ሊሆን ይችላል።

«የኛ አይደለም» ለሚሉት ደግሞ መልሱ ያለው ጊታሩ ላይ ነው። ሮክ የሚወደው ፓወር ኮርድ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ መነሻውና አምስተኛው። ሦስተኛው ድምፅ የለበትም። ይሄ ለቅኝቶቻችን በረከት ነው፤ ዲስቶርሽን ውስጥ ሦስተኛ ድምፅ ሲጨመር ይቆሽሻል፣ ሜጀር ወይም ማይነር ብሎም ዜማውን ያለ ፈቃዱ ያስረዋል። ቢሆንም ሁሉም ፓወር ኮርድ ሁሉም ቅኝት ውስጥ አይገባም። ትዝታ ማይነርን ከኤ ብንነሳ ድምፆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ናቸው። ሁለቱም ድምፃቸው ቅኝቱ ውስጥ ያለላቸው ፓወር ኮርዶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የኤ፣ የኢ እና የኤፍ። ሲ ላይ ፓወር ኮርድ የመታ ጊታሪስት «ጂ»ን ጎትቶ አስገባ ማለት ነው፣ ጂ ደግሞ እዚህ ትዝታ ውስጥ የለም። አምስተኛው ዘፈን ላይ «የሆነ ነገር ፈረንጅ ፈረንጅ አለኝ» የሚያሰኘው ቦታ በትክክል እሱ ነው።

ባቲ ማይነር ሮከሮች ሳያውቁት የሚጫወቱት ቅኝት ነው፤ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ማለትም ብሉዝ የሚመላለስበት አምስት ድምፅ ራሱ። ስለዚህ ሶሎው ብሉዝ ሆኖ እንዳይቀር የሚለየው ድምፆቹ ሳይሆኑ ማረፊያውና ማንቆርቆሩ ነው። አንቺሆዬ ግን ጉድ ነው። ከሲ ተነስቶ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ስለሆነ፣ የቤቱ ራሱ፣ የማረፊያው የሲ፣ አምስተኛ ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ የለም። መቋጫው ላይ ፓወር ኮርድ መምታት አይቻልም ማለት ነው፤ ነጠላ ድምፅ ወይም ኦክታቭ (ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲደገም) ነው የሚያዋጣው። ልጁ ሰባተኛው ዘፈን ላይ እንዲህ ነው ያደረገው። አስቦበት ይሁን እጁ መርቶት አላውቅም፤ ለእኔ ግን የአልበሙ ምርጥ 4 ደቂቃ ነው።

የድሬ ሙቀት ራሱን የቻለ ሙዚቀኛ ነው። ቀረጻ ላይ ቬንቲሌተርና ኤሲ ይጠፋሉ፤ ማይክ ይሰማቸዋል። በር ከተዘጋ በኋላ ክፍሉ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይግላል፣ የጊታሩ ክር ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። ጊታር እንዲሰፋ ሁለት ጊዜ ተቀድቶ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ይደረጋል፤ አንዱን ኮፒ አድርጎ በሌላው ጎን መለጠፍ ድምፁን ያጎላዋል እንጂ አያሰፋውም። እዚህ ላይ የመጀመሪያው በጠዋት ቀዝቃዛ፣ ሁለተኛው በቀትር ከተቀዳ፣ አንዱ 440 ሌላው 438 ኸርዝ ላይ ሆነው በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚርገበገብ ማዕበል ይፈጥራሉ። ለየብቻ ሲሰሙ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሲደመሩ ሆድ ያላውሳሉ። ሁለቱን ወዲያው ተከታትሎ መቅዳት፣ በእያንዳንዱ መሃል እንደገና መቃኘት። ክሩም የተቀየረው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከሆነ ገና ይለጠጣል፤ ከአንድ ቀን በፊት ቀይሮ፣ ሳብ ሳብ አድርጎ ማሳደር ይሻላል።

ሰዓቱንም አካባቢው ነው የሚወስነው። ፀጥታ ያለው ሌሊት ነው፤ ግን አዛኑም ቅዳሴውም የራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ ማክበርም ማቀድም ነው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ባጃጆቹ ሳይነሱ ያለው ጊዜ ለድምፅ ቀረጻ ወርቅ ነው። ጉሮሮ በዚያ ሰዓት ገና አልነቃም ለሚል፣ ለስላሳዎቹን ዘፈኖች መጀመሪያ ይዝፈን። የሚጮኸውን መጨረሻ ላይ፣ እሱንም ከሦስት ወይም ከአራት ሙሉ ሙከራ ሳያልፍ። ጉሮሮ ከደከመ በኋላ የተቀዳ ጩኸት ስሜት ሳይሆን ድርቀት ነው የሚሰማበት።

መብራትን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ መጥፋቱን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ሲኖር የሚያደርሰው ነው። ከግድግዳው የሚመጣው 50 ኸርዝ፣ ነጠላ ኮይል ባለው ፒካፕ (የክሩን ንዝረት በሚቀበለው የጊታሩ ክፍል) በኩል እንደ ንብ መንጋ ይገባል። ጊታሪስቱ ወንበሩን ቀስ እያለ ሲያዞር ሀሚንግ የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ፣ እዚያ ላይ ይቀመጥ። ላፕቶፑ በባትሪ እንዲሠራ ቻርጀሩን ሲቀረጽ መንቀልም ብዙ ጊዜ ግማሹን ያስወግደዋል። ሲቀዳ ከፍተኛው ጫፍ ከ10 እስከ 12 ዲሲቤል ከዜሮ በታች ቢሆን፣ 24 ቢት ላይ ምንም አይጎድልም። «ቀዩ እስኪነካ» የሚባለው ልማድ ከካሴት ዘመን የቀረ ነው።

ድራሙ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ከላይ የሚሰቀሉት ሁለት ማይኮች ከስኔሩ (ጧ ከሚለው ከበሮ) እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባቸው። ሜትር አያስፈልግም፤ ክር ስኔሩ መሃል ላይ ይዞ ወደ አንዱ ማይክ መዘርጋት፣ በዚያው ልክ ወደ ሌላው መመለስ። በድሬ ሙቀት ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ማይክ በ17 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከራቀ፣ ሁለቱ ሲደመሩ 1 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይጠፋፋሉ፤ ስኔሩ ካርቶን ይሆናል። ከዚያ ሰው ኢኪው (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) ላይ ሰዓታት ያጠፋል። በዚህ አልበም ስኔሩ ደህና ነው። ድራመሩ ችክችካውን፣ ስድስት በስምንቱን፣ ስኔሩን አራተኛዋ ላይ እየጣለ ሲመታው ደግሞ የሮክ ክብደት በራሱ መጣ፤ አራት በአራት ማድረግ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ባጃጁ። ድሬ ውስጥ አልበም የሚፈረደው እዚያ ነው፣ ቀጥሎ ስልክ ላይ። ትንሽ ስፒከር ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ የሚሰማው እሱ ሳይሆን ከላዩ ያሉት ሃርሞኒኮች ናቸው። ቤዙ ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን ተጨምሮ 700 ኸርዝና ከዚያ በላይ ካልጎላ ቤዚስቱ ቤቱ የቀረ ይመስላል። ብዙ ስልክ ደግሞ በአንድ ስፒከር ስለሚያወጣ ግራና ቀኙ ይደመራል፤ በእውነት ሁለቴ የተቀዳ ጊታር ይተርፋል፣ በማስፊያ ሶፍትዌር የሰፋው ግን ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ያለው የሊድ ጊታር ከስልክ የጠፋው በዚህ ይመስለኛል። በርጫ ላይ ደግሞ ሙዚቃው ከወሬ በታች ዝቅ ይላል። ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ ወፍራሙንና ቀጭኑን ያጣል፣ መሃሉ ይቀራል፤ መሃሉ ደግሞ ጊታርና ድምፃዊው የሚሻሙበት ነው። ለዚህ ነው ሚክሱን እጅግ ዝቅ አድርጎ፣ አጠገብ ሰው እያወራ መስማት ያለብን። ቃሉ እንደዚያም ከተሰማ አልፏል።

ማስተሩ (ለመውጣት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) ላይ የሠሩት ስህተት የተለመደ ነው፤ እንዲጎላ ብለው ጨመቁት። ዩቲዩብ ግን ከዜሮ በታች 14 ሉፍስ (የጉላት መለኪያ ነው) ካለው መጠን በላይ የሚጎላውን ወደዚያ ያወርደዋል፤ ከዜሮ በታች 8 ላይ የተጨመቀው 6 ዲሲቤል ይቀንስና፣ ጉልበቱን አጥቶ ጭምቁ ብቻ ይቀራል። አዝማቹ ሲገባ ልብ የማይመታው ለዚያ ነው፤ ስንኙም አዝማቹም አንድ ቁመት ሆነዋል።

መድረኩ ላይ ያየሁትም ከቃሉ ጋር ይገናኛል። ዘፋኙ የማይኩን ኳስ በመዳፉ ያፍናል፤ የሮክ ቪዲዮ ላይ ያምራል። ማይኩ ግን ከኋላ የሚመጣውን የማይሰማው በዚያው በሚታፈነው ቀዳዳ ምክንያት ነው፤ ሲታፈን ሞኒተሩን (ወደ ዘፋኙ የዞረውን ስፒከር) ይሰማና ያፏጫል፣ ሳውንድ ማኑ ድምፁን ይቀንሳል፣ ቃሉ ይጠፋል። ካርዲዮይድ ማይክ (ፊቱን የሚሰማ፣ ቀጥታ ከጀርባው የማይሰማ) ከሆነ ሞኒተሩ በቀጥታ ከማይኩ ጀርባ ይሁን፤ ሱፐርካርዲዮይድ (ከዚያ ጠበብ አድርጎ የሚሰማው) ከሆነ ደግሞ ከጀርባ ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ፣ ምክንያቱም ደንቆሮው አቅጣጫ ቀጥታ ከኋላ አይደለም።

ስለ አቀባበሉ ደግሞ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አላይም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ፣ የሀገር ቅኝት በከባድ ጊታር ላይ መቆም እንደሚችል አሳይቶ ሄዷል። አሜሪካዊው ሮክ ዘፋኝ ጄፍ በክሊ በ1994 ያወጣው የመጀመሪያው አልበሙ ያኔ አሜሪካ ውስጥ ከ149ኛ ደረጃ አልዘለለም ነበር፤ ዛሬ ከታላላቆቹ ይቆጠራል። ከራሳችን ሰፈርም አሊ ቢራ አለ፤ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የወጣው የድሬ ልጅ፣ ስሙን እንኳ ያገኘው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ዑድም ጊታርም እየያዘ ቃሉን ግን ከፊት ነበር የሚያስቀምጠው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ትሬሲ ቻፕማን ጁን 11 ቀን 1988 (በፈረንጁ) ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም በአንድ ጊታር ብቻ ያን ሁሉ ሕዝብ ዝም ያሰኘችው ስንኟ እስከ መጨረሻው ወንበር ስለደረሰ ነው። ይሄን ለልጁ እንደ ፈተና ነው የማየው፤ ዘጠኙንም በአንድ አኩስቲክ ጊታር ቢዘፍናቸው ስንቱ ይቆማል? እኔ ስድስቱ ይቆማሉ እላለሁ። አራተኛው ሪፍ (የሚደጋገም የጊታር ሐረግ) ብቻ ነው፤ ዘፈን አልሆነም።

በዓል ጠብቆ አለማውጣቱ ጥሩ ነው። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ላይ አልበም ይጎርፋል፣ ሰዉም የሚጨፈርበትን ነው የሚፈልገው። ወረቀቱን ግን ችላ ብሎታል ይባላል። ግጥምና ዜማ የራሱ ቢሆንም ቅንብሩን አራት ሰው ሠርቶታል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችም የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩም መብት ለብቻ የተጠበቀ ነው። ማን ምን ድርሻ እንዳለው በአንድ ገጽ ጽፎ መፈራረም ገንዘብ ሳይመጣ የሚደረግ ነገር ነው፤ ከመጣ በኋላ ሰው ያስታወሰውን ሳይሆን የሚፈልገውን ነው የሚናገረው።

ሦስተኛውን ዘፈን እንደገና ሚክስ ሊያደርጉት ነው ተብሏል። ያርጉት። ዩቲዩብ ላይ የወጣን ቪዲዮ በዚያው ሊንክ ድምፁን መቀየር አይቻልም፤ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን እስካሁን የታየበትን ቁጥርም አስተያየቱንም ይዞ ይሄዳል። አሮጌው እዚያው ይቆይ፣ አዲሱ «አዲስ ሚክስ» ተብሎ በራሱ የአይኤስአርሲ ቁጥር (ለእያንዳንዱ ቀረጻ የሚሰጥ መለያ) ለብቻ ይውጣ። ያቺን ግማሽ ምት ዝም ካሰኟት ደጅ ላይ ሰው መኖሩ ይሰማል።